አሥራ ሁለተኛው ካርድ

ኩታይሲ፣ ከሪዮኒ ወንዝ ማዶ፣
ሁለተኛ ፎቅ፣ ግድግዳው ባዶ፤
ሁለት ወንበር፣ መስታወት፣ የካርድ ሣጥን፣ እርሳስ፣
ጋውኔ ሰፍቶኝ፣ እጅጌዬን ሳጥፍ ስመልስ።
የልምምዴ አራተኛ ቀን ነው።

ላማራ፣ የሰው ዝምታ ሠላሳ ዓመት ያዳመጠች፣
ከበሩ ጥግ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ተቀመጠች።
ጠዋት ደረጃው ላይ ያለችኝ ይህን ነው፦
«ጠይቀሽ ስታበቂ ዝም በዪ፤ አስር ቁጠሪ በሆድሽ፤
አስሩ ሲያልቅ ሌላ አስር፤ ቃል አይመጣም ስለቸኮልሽ።
የሰውን ቃል ከአፉ መንጠቅ ደግሞ
ምርኩዙን መንጠቅ ነው፣ ሊራመድ ሲል ቆሞ።»

ባቶኖ ኦቲያ ገቡ፣ በሚስታቸው ክንድ ተደግፈው፣
ቀኝ እጃቸውን በግራቸው እንደ ሰው ዕቃ አቅፈው።
ፋይሉን ገለጥኩ፦ ስልሳ ስምንት ዓመት፤ ስትሮክ፣ በግራ አንጎል፤
ሥራ፦ «ጡረተኛ»። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልቀጠልኩም፣ ምን ሊጎድል!
ሚስትየዋን፣ ዶዶን፣ «ኮሪደር ይጠብቁ» አልኩ በትሕትና፣
ደንቡ እንዲያ መስሎኝ ነበርና።

መጀመሪያ ውኃ፣ በማንኪያ።
ሁለት ጣቴን ማንቁርታቸው ላይ፤ ሲወጣ፣ ሲወርድ ቆጠርኩ፤
ሳል የለም፤ ድምፃቸው አልረጠበም፤ «ደህና» ብዬ መዘገብኩ።
«ምን ጠጡ?» ስላቸው አገጫቸው ተንቀጠቀጠ፤
ያ የ«ጽቃሊ» ጽ፣ ጥርስ ሥር ታፍኖ የሚፈነዳው፣ አመለጠ፤
«…ቃሊ» አሉ፣
ምንጩ የጠፋ ውኃ።

ከዚያ ካርዶቹ። ዓሣ፣ መደመር። መሰላል፣ መደመር፣ በግማሽ።
ቁልፍ ላይ ቆሙ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ስድስት ላይ ትዕግሥቴ ሲሸሽ
«ቁልፍ!» አልኩላቸው።
ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።
ላማራ ሳለች። ጉንፋን አልያዛትም።

አሥራ ሁለተኛው ካርድ፦ ከገለባ የተጎነጎነ ጉልላት፣
ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ፣ የአይጥ በር የምታህል ናት።
ሣጥኑ ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ የተተረጎመው ጽሑፉ ብቻ።
«ኮፍያ» አሉ። መቀነስ ጻፍኩ።
«ኮፍያ… አይ… አይ!» ራሳቸውን ነቀነቁ፤
በግራ እጃቸው እርሳሴን ከጣቴ ላይ ነጠቁ፤
በወረቀቴ ኅዳግ፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ሣጥን ሣሉ፣
ክዳን፣ ስንጥቅ፣ ከስንጥቁ ፊት ነጠብጣብ፣ ካፊያ የሚመስሉ።
ቤት ነው? የፖስታ ሣጥን? አላወቅኩም።

«ሚስታቸውን ጥሪ» አለች ላማራ።
ዶዶ ሥዕሉን አየች፣ ካርዱን አየች፣ ሣቀች እስክታነባ፦
«አርባ ዓመት ንብ ያረባ ሰው እኮ ነው! ይሄንን የገለባ
ባርኔጣ ማን ቀፎ ይለዋል፣ እኛ አገር?
የሱ ከሣንቃ ነው፤ ብርድ ሲገባ እንደ ሕፃን የሚሸፍነው ነገር።»

ካርዱን ደፋሁት። የሳቸውን ሣጥን ፊታቸው አቀረብኩ።
ጠየቅኩ። አፌን ዘጋሁ። ቆጠርኩ።
አስር። ከታች የገበያ ሰው ይጮኻል።
ሌላ አስር። ጥርሳቸው ገጠመ፤ በመካከሉ አየር ያፏጫል።
ሃያ ሁለት ላይ፣
«ስ…ካ»።
ቀፎ በአገራቸው ይህችው ናት፣ ከአንድ እስትንፋስ የማትበልጥ፤
ግንባራቸው ላይ ግን ላብ፣ ቀኑን ሙሉ ግንድ እንደሚፈልጥ።

ሲነሡ ላማራ ወረቀቴን ሳብ አድርጋ፣
«ይቺ መቀነስ» አለች፣ «የማን ናት? የሳቸው? የሠዓሊው? ያንቺ?»
ሰረዝኳት። «ጡረተኛ»ንም ሰረዝኩ።
«ንብ አርቢ» ብዬ ስጽፍ
እጄ ከሳቸው እጅ ይልቅ ተንቀጠቀጠች።

ኦቲያ በሩ ላይ ቆም አሉ፤ ወደ መስቀያው ዞሩ፤
ግራ እጃቸውን ዘርግተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣
«ኮፍያ» አሉ፤ አደረጉት፤ ሄዱ።
ለሱ መደመር የሚጻፍበት መስመር ወረቀቱ ላይ የለም፤
ኅዳጉ ላይ፣ ከንቦቹ አጠገብ፣ ጻፍኩት።